ባለቤት ያለው ፍርስራሽ

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ስለ ቻኮ ጉዞ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ጉዞው እንድናገር ሲጠይቁኝ «ቁጥሩን ተዪውና ያየሽውን ንገሪን» ብለውኛል። የሒሳብ ሠራተኛን ቁጥር ተዪ ማለት ወጥ ሠሪን ሽንኩርት ተዪ እንደ ማለት ስለሆነ፣ እዚህም እዚያም ጣል ማድረጌ አይቀርም። የወጪው ዝርዝር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ለልጃገረዶቹ መቀመጫ የከፈላችሁ ለጋሾችም ገንዘባችሁ የት እንደ ዋለ እዚያው ታገኙታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው በዚህ አዳራሽ ሲወሰን «ባዶ ድንጋይ ለማየት ከዴንቨር ይህን ያህል መንገድ መንዳት ምን ይሉታል?» ያላችሁ ነበራችሁ። የሚያስቀይም ጥያቄ አይደለም፤ ቤንዚኑም፣ ማደሪያውም፣ የሁለት ቀን ሥራ መቅረቱም ገንዘብ ነው። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለዚያች «ባዶ» ስለምትል ቃል ነው። ቻኮ ባዶ አይደለም። ሰው አይኖርበትም እንጂ ባለቤት አለው።

ቦታው በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ደረቅ ሸለቆ ነው። በጋው ያቃጥላል፣ ክረምቱ ያንቀጠቅጣል። ፋርሚንግተን በምትባል ከተማ አድረን በማለዳ ተነሣን። ከዋናው አውራ ጎዳና ከተገነጠልን በኋላ አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የአፈር መንገድ ነው። መንገዱ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ሸንተረር ሸንተረር ስለሆነ መኪናው ሲንገጫገጭ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። በውስጡ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ የለም። ውኃችንን፣ ዳቦአችንንና ቆሎአችንን ይዘን መግባታችን ጠቅሞናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕንፃ በስፓኒሽ ፑኤብሎ ቦኒቶ፣ ማለትም ውብ መንደር የተባለው ነው። ከ850 እስከ 1150 ገደማ ባሉት 300 ዓመታት በየጊዜው እየተጨመረበት የተሠራ፣ ቅርጹ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነ፣ አንዳንዱ ቦታ አራት ፎቅ የደረሰ፣ ከ600 በላይ ክፍሎች የነበሩት ቤት ነው። ሲጠናቀቅ በእኛ አገር ንጉሥ ላሊበላ ገና አልነገሠም። በሮቹ ትንንሽና ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ከክፍል ወደ ክፍል ያለፍነው እየጎነበስን ነው። ከአንዱ በር በስተጀርባ ሌላ በር፣ ከዚያም በስተጀርባ ሌላ እየታየ ይቀጥላል።

ግድግዳው በእጅ ሳይዳሰስ በዓይን ብቻ መታለፍ የማይፈልግ ዓይነት ነው (መዳሰስ ግን ክልክል ነው)። ስስ የአሸዋ ድንጋይ ተለቅሞ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ቀዳዳ ሳይተው ተደርድሯል፤ በመካከሉ ደግሞ ፍርክስካሽ ድንጋይና ጭቃ ተሞልቷል። ያ ሁሉ ልቅም ያለ ካብ ታዲያ መጨረሻ ላይ በምርጊት ተሸፍኖ ነበር! ቤቱ ሰው በነበረበት ዘመን ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን የድንጋይ ሥራ ማንም አያየውም ነበር ማለት ነው። በፑኤብሎ ሕዝቦች ባህል ቤት መመረግ የሴቶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ገጠር ያደጋችሁ እናቶች ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

ከሕንፃው በስተኋላ ወደ 30,000 ቶን ይመዝናል የተባለ የገደል ድንጋይ ከዋናው ገደል ተለይቶ ቆሞ ነበር። ሠሪዎቹ አደጋውን ያውቁ ነበርና ከሥሩ የድንጋይ ድጋፍ ሠርተውለታል። ድንጋዩ ግን በጥር 1941 ወድቆ 30 ያህል ክፍሎችን ደመሰሰ። ሰው ከወጣ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ ብዙ የቆየነው እዚያ ነውና። በግድግዳዎቹ ላይ ጣሪያና ወለል የተሸከሙ ክብ ግንዶች ጫፋቸው አሁንም ተቆርጦ እንደ ቆመ ይታያል። የሸለቆው ትላልቅ ቤቶች በጠቅላላ ከ200,000 በላይ ዛፍ እንደ ፈጁ ይገመታል። ቀና ብላችሁ ዙሪያውን ብታዩ ግን ጫካ የለም፤ ቁጥቋጦና አሸዋ ነው። በግንዶቹ ውስጥ ያለውን የዕድሜ ቀለበት ያጠኑ ሰዎች እንዳረጋገጡት፣ እንጨቱ የመጣው 75 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚርቁት ከዙኒና ከቹስካ ተራሮች ነው። ጋሪ አልነበራቸውም። ፈረስ፣ አህያ፣ በሬም አልነበራቸውም፤ እነዚህ እንስሳት ወደዚያ አገር የገቡት ከስፓኒሾች ጋር ነው።

አስጎብኛችን ይህን ሲነግረን ከእናቶቻችን አንዷ ግንዱን እያዩ፣ «አህያ ከሌለ፣ ሰው ነዋ የተሸከመው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴ ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት እያወረደች ነው ያሳደገችን። ገመዱ ደረቷ ላይ የሠራው ጠባሳ እስክትሞት አልጠፋም» አሉን። አብረን ዓመታት ስንሰበሰብ ይህን ተናግረው አያውቁም ነበር። ልጃገረዶቹም እንጦጦ የሚያውቁት በፎቶ የመዝናኛ መናፈሻ ሆኖ ነው። ጥላ ፈልገን ተቀመጥንና ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ፣ ጥበቃዎች ሲያገኟቸው ምን እንደሚሆን ነገሩን። ይህ በጉብኝቱ ፕሮግራም ላይ አልነበረም።

በቅርቡ በ2023፣ እዚሁ ጎረቤታችን ቦልደር ያሉ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግንዱ እንዴት እንደ ተሸከመ ለመሞከር በጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ የመሸከሚያ ማሰሪያ አዘጋጅተው፣ ለወራት ተለማምደው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ግንድ በአንድ ቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመው ሄደዋል። በዚህ ተነሥቼ ማታ ማደሪያችን ውስጥ ሒሳቡን ሠራሁት። ሦስት ሰው፣ 75 ኪሎ ሜትር፣ ጭነት ይዞ ሦስት ቀን፣ ባዶ ሲመለሱ ሁለት ቀን። ለአንድ ግንድ 15 የሰው ቀን ይወስዳል። በ200,000 ሲባዛ ሦስት ሚሊዮን የሰው ቀን ይሆናል። በ300 ዓመት ብናካፍለው እንኳ በየዓመቱ 10,000 የሰው ቀን። ይህ እንግዲህ ሸክሙ ብቻ ነው፤ መቁረጡ፣ መላጡ፣ ማድረቁ፣ ለተሸካሚው በቆሎ መፍጨቱና ውኃ መቅዳቱ አልገባም። የእኔ ግምት ስለሆነ እንደ ጥናት አትያዙት። ነገር ግን ማንኛውንም ትልቅ ሕንፃ ሳይ ከእንግዲህ ስለ ንድፉ ሳይሆን ስለ ስንቁ መጠየቄ አይቀርም።

በቤቱ ውስጥ ስለ ተገኙት ነገሮች ባጭሩ ልናገር። ከሩቅ ደቡብ፣ ከሞቃታማው ሜክሲኮ የመጡ ቀያይ በቀቀኖች ተገኝተዋል። ቱርኩዋዝ ከሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ድንጋይ የተሠራ ዶቃ በሺህ የሚቆጠር ነው። ረጃጅም የሸክላ ዋንጫዎች ውስጥ የቀረ ቅሪት በ2009 ሲመረመር የካካዎ መጠጥ ሆኖ ተገኘ፤ ካካዎ ደግሞ በአቅራቢያው አይበቅልም። ልጆቹ ከሁሉ የያዙት «ቸኮሌት ይጠጡ ነበር» የሚለውን ነው።

ሴቶች ስለሆንን በልዩ ትኩረት የሰማነው ስለ አንዲት ጠባብ ክፍል የተነገረንን ነው። ቁጥር 33 ትባላለች፤ 14 ሰዎች ተቀብረውባት ነበር። ከእነርሱ አንዱ ከ11,000 በላይ ከሚሆን የቱርኩዋዝ ዶቃ ጋር የተቀበረ ትልቅ ሰው ነበር። በ2017 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከተመረመሩት ውስጥ ዘጠኙ በእናት ወገን አንድ የዘር ሐረግ እንዳላቸው አሳየ። ሐረጉ ለ300 ዓመት ያህል ሳይበጠስ በዚያች ክፍል ተቀብሯል። የክብሩ መተላለፊያ በእናት በኩል ነበር ማለት ነው። ይህ ለፑኤብሎ ሕዝቦች ድንቅ አልሆነባቸውም፤ ዛሬም በሆፒና በዙኒ ሰው ጎሣውን የሚቆጥረው በእናቱ ነው፣ ቤትም የሴቶች ነው።

አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ ግን ከታሪኩ ሌላውን ግማሽ ሰማን። እነዚያ አጥንቶች በ1896 ከጀመረ ቁፋሮ የወጡ ናቸው፤ ከብዙ ሺህ ዕቃ ጋር በባቡር ወደ ኒው ዮርክ ሙዚየም ተወሰዱ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ናሙና ሲወሰድባቸው ዘመዶቻቸው የሆኑት የፑኤብሎ ሕዝቦች አልተጠየቁም በሚል ጥናቱ ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት። እኔ ጥናቱን በማንበቤ ደስ ብሎኛል፤ ለእኛ ለሴቶች የሚለው ነገር አለው። ቢሆንም የሰው አያት አጥንት ያለ ፈቃድ መነካቱ ደስታውን ያጎድለዋል፤ ይህን ደርቤ ነው የምይዘው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታት ለንደን ሙዚየም ውስጥ እንዳሉ የምታውቁ ሰዎች፣ «ለጥናት ነው፣ በጥንቃቄ ተይዟል» የሚለው መልስ ባለቤቱ ጆሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

ይኸው ነገር በትንሹ በእኛም መካከል ተነሥቶ ነበር። ከልጃገረዶቹ አንዷ በመንገዱ ዳር ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር የተሣለበት ገል አገኘችና አነሣችው። የጥፍሯን ያህል ናት። «አንዲት ብቻ ናት፣ ማን ያውቃል?» አለች። አስጎብኛችን አልተቆጣም። ሕጉ እንደሚከለክል ነገራትና፣ ከየት እንዳነሣችው በትክክል ታስታውስ እንደሆነ ጠየቃት። መለሰቻት። በኋላ መኪና ውስጥ የነገረችኝ ግን ሕጉን ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር፤ በገሉ ጠርዝ ላይ ያለው መስመር ትንሽ ተንቀጥቅጦ እንደ ነበር። የሳለው እጅ ድካም ላይ ሳይሆን አይቀርም ብላ አስባለች።

ሌላዋ ልጅ ደግሞ ሁላችንም በሆዳችን የያዝነውን ጠየቀች፤ «ታዲያ የት ጠፉ?»

መልሱ አልጠፉም ነው። ከ1130 ገደማ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ድርቅ መጣ፤ ትልልቅ ግንባታዎች ቆሙ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ቤተሰቡን፣ ዘሩን፣ ጸሎቱን ይዞ ውኃ ወዳለበት ሄደ። ልጆቻቸው ዛሬ በኒው ሜክሲኮ 19 ፑኤብሎዎች፣ በአሪዞና ደግሞ በሆፒ መንደሮች ይኖራሉ። ድሮ መጻሕፍት «አናሳዚ» ይሏቸው ነበር፤ ቃሉ የናቫሆዎች ሆኖ የጠላት አባቶች የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ የፑኤብሎ ሰዎች አይወዱትም። «በምሥጢር የተሰወረ ሕዝብ» የሚለው ወሬም መጽሐፍ ለመሸጥ ይመቻል እንጂ እውነት አይደለም። በ2025 ፒኩሪስ የተባለው ትንሽ ፑኤብሎ ራሱ ሳይንቲስቶችን ጋብዞ፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚወጣ ራሱ እየወሰነ ባስጠናው የዘረ መል ጥናት ከቻኮ ሰዎች ጋር ያለው ዝምድና ተረጋግጧል። አያቶቻቸው ሲነግሯቸው የነበረው ነው። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው ልዩነት የመሣሪያ አይደለም፤ ማን በሩን አንኳኳ፣ ማን ከፈተ የሚለው ነው።

እኔ በዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ከአገር የወጣን ሰዎች «ትተውት ሄዱ» የሚለውን ቃል ቀለል አድርገን አንሰማውም። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን እዚያ የቆለፍነው ቤት ያለን? ቁልፉን የያዘችው ጎረቤት ምን ብላ ነው የምታወራው፣ «ጠፉ» ነው ወይስ «ሄደዋል»?

ከሰዓት በኋላ ካሳ ሪንኮናዳ የተባለውን ታላቅ ኪቫ አየን። ኪቫ ክብ ሆኖ ከፊሉ ወደ መሬት የተቆፈረ የጸሎትና የስብሰባ ቤት ነው፤ የዚህኛው ስፋት 19 ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው የለም። ወደ ውስጥ መውረድ አይፈቀድም፤ ከጠርዙ ቆሞ ማየት ነው። እነዚያው የእንጦጦ እናታችን ቦታው ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ነጠላቸውን አጣፉና ከጠርዙ ፈንጠር ብለው ቆሙ። «ቤታቸው ነው፤ እስኪፈቅዱልኝ ደጅ እቆማለሁ» አሉ። የፑኤብሎ ሰዎች ወደ ቻኮ የሚመጡት ለጉብኝት ሳይሆን ለጸሎት እንደሆነ እስካሁን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ስለ ነዳጁ ጉዳይም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ በመንገዳችን ላይ የዘይትና የጋዝ ጉድጓዶችን አይታችሁ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁና። በ2023 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዴብ ሃላንድ፣ እሳቸውም የላጉና ፑኤብሎ ልጅ ናቸው፣ በፓርኩ ዙሪያ 10 ማይል ውስጥ ያለ የፌዴራል መሬት ለ20 ዓመት ለአዲስ የነዳጅና የጋዝ ኪራይ እንዳይሰጥ ወሰኑ። የፑኤብሎ መሪዎች ለዓመታት የታገሉለት ነው። የናቫሆ መንግሥት ግን ተቃወመ፤ በ2025 መጀመሪያም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ዙሪያ የግል ድርሻ መሬት ያላቸው የናቫሆ ቤተሰቦች ከኩባንያዎች የሚያገኙት ክፍያ አለ። ክልከላው የእነሱን መሬት በቀጥታ ባይነካም፣ ዙሪያው ሲዘጋ ለመቆፈር የሚመጣ አይኖርም ይላሉ።

ይህን በቢሮ ሆኖ በወረቀት ላይ መፍረድ ቀላል ነው። አንዷ አሮጊት የምትኖርበት ቼክ ከሌላዋ አያት መቃብር ጋር ሲመዘን ግን ሚዛኑን የምይዘው እኔ ባልሆን እመርጣለሁ። የራሴን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ቦታው መጠበቅ አለበት፤ ነገር ግን ለመጠበቁ ወጪው ባላቸው ትንሽ ቤተሰቦች ላይ ብቻ መውደቁ ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም። የጎደለባቸው ገቢ ተተምኖ በበጀት መግባት ነበረበት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ ወደ አኮማ እንድናደርገው ለስብሰባው አቀርባለሁ። አኮማ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተሠራ የፑኤብሎ መንደር ነው፤ ከ800 ዓመት በላይ ሰው አልተለየውም፤ ዛሬም ጥቂት ቤተሰቦች ዓመቱን ሙሉ ይኖሩበታል። እዚያ የቤቱ ወራሽ ሴት ናት፣ በባህላቸውም የመጨረሻዋ ልጅ። የሚያስጎበኙት የመንደሩ ተወላጆች ራሳቸው ናቸው፤ ክፍያውም ለእነርሱ ይገባል። ሴቶቹ ሸክላ ይሸጣሉ። በአገራችን ሸክላ ሠሪ ሴት ምን እየተባለች እንዳደረች የምናስታውስ ሰዎች፣ በአኮማ ሸክላ ሠሪ መሆን ምን ያህል የሚያስከብር እንደሆነ ልጆቻችን አብረውን ቢያዩ እወዳለሁ።

መንደሩ በበዓላቸው ቀናት ለጎብኚ ስለሚዘጋ ቀኑን የምንቆርጠው እነርሱን ጠይቀን ነው። ሐሳቡን የምትደግፉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ አትቅሩ፤ ወደ አምባው የሚያወጣ አውቶቡስ አለ። ፎቶ ማንሣት የሚቻለው በፈቃድ ነው፤ ካሜራ የምትይዙ ከስማችሁ አጠገብ ምልክት አድርጉልኝ፣ በወጪው ውስጥ አስገባዋለሁ።